የሰው ፎጣ

ጋኔን በሌሊት ይወጣል የሚል ሰው መተማን አያውቃትም። በሌሊትማ የሚወጣው ሰው ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ በየግቢው አንገረቡ፣ ያ የገመድ አልጋ ማለቴ ነው፣ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ላይ ያወጋል፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሱዳኖቹ ራዲዮ ይሰማል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ አህያ ያናፋል፣ በዚህ ሁሉ ግርግር መሐል ጋኔን ቢመጣ እንኳ መቀመጫ አያገኝም። ጭር የሚለው ቀትር ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ውሻ ከጥላው አይነቃነቅም፣ ቆርቆሮው ብቻውን ይንጣጣል፣ ዋናውን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ብታይ አንዲት ነፍስ የለችም። የፈራሁት በቀትር ነው። ዛሬም የምፈራው ቀትርን ነው።

ጋኔን ያልኩት ግን ለወጉ ያህል ነው፣ እኔ በእንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። ብረት ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ቀን ማረሻውን በቀጥቃጩ አስስሎ ማታ ከዓይኑ የሚሸሸውን ገበሬ እያየሁ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቡዳ ከሚባሉት ጋር ከአንድ ትሪ በልቻለሁ፣ እስከ ዛሬ የበላኝ የለም፤ ዕድሜዬን የበላው ቢኖር የቀበሌ ስብሰባ ነው። ስለዚህ ወዳጄ፣ ይህን የሚነግርህ ሊያስፈራህ የሚፈልግ ሰው ሳይሆን ማስፈራራት የሚያስቀው ሰው መሆኑን ያዝልኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ሠላሳ ያልሞላኝ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፣ ጠዋት ጠዋት ለልጆቹ ስለ ሰበቃ አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በጓሮዬ ከሰበቃ ጋር እታገላለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ግድግዳው የማሽላ አገዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ዎርክሾፕ ነበረኝ፣ ዎርክሾፑ ውስጥ ደግሞ አንድ ቶርኖ፣ ብረት ነክሶ እያሽከረከረ በስለት የሚልጠው ማሽን። እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ ሲሆን ዘንጉ ከመላላቱ የተነሳ ክብ ሥራልኝ ስትለው እንቁላል ይሰጥሃል፤ ዶሮ ቢሆን ኖሮ ምስጋና ይገባው ነበር።

አብረውኝ የሚሠሩት ጎረቤቴ አያ ቢተው ነበሩ፣ ከጎጃም የመጡ፣ ስድሳ ያለፉ ቀጥቃጭ። አርባ ዓመት የመቱት መዶሻ ጆሯቸውን በልቶታል፣ በግራ በኩል ቆመህ ካልጮህክ አይሰሙህም፣ ምላሳቸውን ግን ምንም አልነካውም።

«አንተ መምህር፣ ይሄ ማሽንህ ብረት ይልጣል ወይስ ያላምጣል?» ይሉኛል።

«ያላምጣል፣ አያ።»

«እንግዲያው ጥርስ ያለው ግዛና ይንከስ።»

ጥርስ ያለውን ያገኘሁት ከአብደራፊ አለፍ ብሎ ካለ እርሻ ነው፣ ስሙ ይቅር። ትርፍ ዕቃ ያስወግዳሉ ሲባል ሰማሁና ከሚስቴ ወንድሞች ጋር የዘራሁትን የሁለት ክረምት ሰሊጥ ሸጬ ሄድኩ። ሳየው ልቤ ቀጥ አለ። ጥቁር አረንጓዴ፣ እንደ ጎሽ የተደላደለ፣ በናፍጣ ሞተርና ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ የሚዞር፣ ብዙም ያልተሠራበት ቶርኖ ነው። ማስነሻ እጀታው ላይ አንድ ቀይ መስመር ያለው ፎጣ ተጠምጥሞ፣ ከላይ በቀጭን ሽቦ ታስሯል።

ዕቃ የሚያስረክበኝ ሰውዬ ወረቀቱን ከፈረመ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መምህር፣ ፎጣውን እንዳትፈታው» አለኝ።

«ለምን?»

«የሰው ነው።»

«የማን ሰው?»

«የባለ ቶርኖው። ሲመጣ ራሱ ይፈታዋል።»

«ሄዶ ነው?»

ወረቀቱን አጣጥፎ ሰጠኝ። ኋላ ነገረኝ። በዚያ እርሻ ጋራዥ አንድ ደንብ አላቸው፤ ቆላ ነውና ሰው ሁሉ ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ አንገቱ ላይ ያደርጋል፣ እጁን ማሽን ውስጥ የሚያስገባ ሰው ያን ፎጣ አውልቆ ማስነሻው ላይ ይሰቅለዋል፣ እጄ ውስጥ ነው፣ አትንኩ ማለቱ ነው። የሰቀለው ሰው ካልሆነ በቀር ፎጣውን ማንም አያወልቅም፣ አለቃም ቢሆን፣ ካድሬም ቢሆን። ብልህ ደንብ ነው፣ ከመጽሐፍ አልመጣም፣ ከተቆረጠ ጣት የመጣ ነው። አንድ የአጨዳ ቀን ግን የቶርኖው ሠራተኛ ፎጣውን ሰቅሎ ክንዱን ማርሾቹ መካከል እንዳስገባ አንድ ሰው ፎጣውን አወለቀና እጀታውን ጎተተ። ሰውዬው ለሕክምና ሲወሰድ ሳንጃ ከተማ ሳይደርስ በመንገድ ላይ አለፈ።

«ማን ነው ያወለቀው?» አልኩት።

የግምጃ ቤቱን በር እያየ፣ «ቸኩለን ነበር» አለኝ።

ጥቁሩ አፈር ደርቆ የጫካው መንገድ ተከፍቶ ስለነበር ማሽኑን በትራክተር ተጎታች ሦስት ቀን አጓጉዤ ቤቴ አስገባሁት። እንደ ገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽቦውን ቆርጬ ፎጣውን ፈታሁት። ሚስቴ የሺ ክንዴን ያዘች።

«የሞተ ሰው ዕቃ እኮ ነው። ተወው እንጂ፣ ምን አደረገህ?»

«የሺ፣ ጥጥ ነው። ጥጥ ሰው ሲሞት አያውቅም።»

በንግግሬ ኮርቼ ፎጣውን የግሪስ መጥረጊያ ጨርቅ ከምናስቀምጥበት ሣጥን ወረወርኩት። አያ ቢተው ግን፣ ቡዳ ናቸው የሚባሉት፣ ከሁላችን ይበልጥ ይፈራሉ ብዬ ያልጠበቅኋቸው ሰው፣ «እኔ የሰው ፎጣ አልነካም» ብለው ከሣጥኑ ራቅ ብለው ቆሙ።

ማሽኑ ድንቅ ነበር፣ እመነኝ። ብረቱን እንደ ብርቱካን ይልጠዋል፣ ልጣጩ ሰማያዊ ሆኖ እየተጠቀለለ ሲወርድ ቆመህ ታያለህ እንጂ ሥራ አትሠራም። ብረቱን ነክሰው ከሚያዞሩት ሦስት መንጋጋዎቹ አንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር አያ ቢተው በእጃቸው ቀጥቅጠው ሌላ ሠሩለት፣ እንደ ወንድሞቹ ባያምርም ከወንድሞቹ የበለጠ ይነክሳል። ሁለት ሳምንት እንደ ሙሽራ ዋልን።

ከዚያ ድምፁ ጀመረ። ቀትር ላይ ቤት ውስጥ አንገረቤ ላይ ጋደም ብዬ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የዎርክሾፑ በር ተዘግቶ ሳለ፣ የብረት ልጣጭ ላይ የሚረግጥ እግር እሰማለሁ። የብረት ልጣጭ ሲረገጥ የሚያወጣውን ድምፅ ታውቀዋለህ? የደረቀ ቂጣ እንደ መሰበር ነው። ክርች፣ ክርች ይልና ይቆማል። ቀጥሎ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ መንጋጋውን አንድ ሰው በእጁ ቀስ አድርጎ ሲያዞረው። ቆርቆሮው ከሙቀት የተነሳ ነው የሚንጣጣው አልኩ፣ ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ይህን ለስምንተኛ ክፍል ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቆርቆሮ ግን በእኩል የጊዜ ልዩነት አይንጣጣም።

አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስገባ ፎጣው እጀታው ላይ ነው። የሺን ቆጣሁ፣ የሺ እኔን ቆጣች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እዚያው ነው። ሲዳስሱት ረጥቧል፣ ውሃ አይደለም፣ ላብ ነው፣ ላብና የማሽን ዘይት ይሸታል። እንግዲህ እኔ የሳይንስ ሰው ነኝና ሙከራ አደረግሁ፣ ፎጣውን የጨርቁ ሣጥን ውስጥ አድርጌ በቁልፍ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩ። በማግሥቱ ቀትር አለፈ፣ ገባሁ። ሣጥኑ እንደ ተቆለፈ ነው። ፎጣው እጀታው ላይ ነው።

ለምን ማሽኑን ያን ዕለት አላስወጣኸውም ትለኛለህ። ክብ ይሠራ ነበራ! ሰው የሚያስፈራውን ነገር ይሸሻል የሚሉት ውሸት ነው፣ ሰው የሚያስፈራው ነገር ሥራውን አሳምሮ እስከ ሠራለት ድረስ ይታገሠዋል፣ ይህን ደግሞ በዚያ ዘመን ከኖረ ሰው ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ቀትር ላይ ወደ ዎርክሾፑ አልገባም አልኩ፣ አበቃ። ለእሱ ሦስት ሰዓት ለቀቅሁለት።

ሚያዝያ ገባ። በሚያዝያ መተማ ምን እንደምትመስል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። የከተማው የውሃ ፓምፕ ዘንጉ ተሰበረ፣ ሴቶቹ ጓንግ ወርደው የወንዙን አሸዋ ይቆፍሩ ጀመር፣ ከጎንደር መለዋወጫ እስኪመጣ ሳምንት ነው ተባለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጀሪካን ይዘው ከተሰለፉት ሴቶች ሸሽቶ እኔ ዘንድ መጣ።

«ጓድ መምህር፣ እስከ ማታ ዘንጉ ካልደረሰ እነዚህ ሴቶች እኔን ራሴን ይጨምቁኛል።»

ከንጋት ጀምረን ሠራን። ዘንጉን ላጥነው፣ የቀረው ጫፉ ላይ ጥርብ ማውጣት ነበር፣ ዳዶ የሚጠመዘዝበትን መስመር ማለቴ ነው። ለዚያ በማሽኑ ግራ ጎን፣ ከመክደኛው ሥር ያሉትን ጥርሳም ማርሾች መለወጥ ያስፈልጋል፣ አንደኛው ማርሽ ተጣብቆ አልወጣ አለ። ታገልነው፣ አልሆነም። ስድስት ሰዓት ሆነ።

«አያ፣ ቤትዎ ገብተው ይረፉ፣ በረድ ሲል እንቀጥላለን» አልኳቸው በግራ ጆሯቸው።

«የማርሽ ልጅ እኔን ሊያሸንፈኝ!» እያሉ፣ እየተሳደቡ ሄዱ። ሞተሩን አላጠፋሁትም፣ ሲሞቅ መልሶ ማስነሳቱ የክንድ መከራ ነው፣ ከግድግዳው ውጭ ቱፍ ቱፍ እያለ በባዶው ይዞራል፣ እጀታው ካልተጎተተ ቶርኖውን አያዞረውም።

ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰባት ሰዓት ገደማ ሊቀ መንበሩ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ፣ «አለቀ?» አለ።

«አለቀ ማለት ይቻላል» አልኩ። ስዋሽ ነው።

አፍሬ ተነሣሁ። ማርሹ እስኪላቀቅ የዘንጉን ሌላ ጫፍ ላስተካክል፣ ቢያንስ የዋሸሁትን ላሳጥረው ብዬ። ቀትር አልገባም ያልኩትን ረሳሁት ልበልህ? አልረሳሁትም። ቸኩዬ ነበር።

ከዚያ ነጭ ፀሐይ ወደ ዎርክሾፑ ስትገባ ዓይንህ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል፣ ሁሉም ነገር ጥቁር ነው። ማሽኔን በዳሰሳ አውቀዋለሁና እጄን ወደ እጀታው ዘረጋሁ። እጄ ፎጣ ላይ አረፈ። ርጥብ ነው። ሞቃትም ነው፣ አሁን ከሰው አንገት የወረደ ዓይነት ሙቀት፣ የጠዋቱን ላብ ይዞ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ጊዜ ፍርሃት አልያዘኝም፣ ንዴት ነው የያዘኝ። ከተማው ውሃ ጠምቶታል፣ ሊቀ መንበሩ አጥሬ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንድ የሞተ ሰው ጨርቅ ደግሞ በገዛ ቤቴ ሥራ ያስፈታኛል። ጨበጥኩና ጎተትኩት።

አልመጣም።

በሽቦ አልታሰረም፣ በምንም አልተያዘም፣ ግን አልመጣም። ደግሜ ጎተትኩ። መልሶ ሳበኝ። በኃይል አይደለም፣ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ እንደሚስብ ያህል ነው፣ ተይ፣ አትሂጂ እንደሚል። ለቀቅሁት። ቆሜ ቀረሁ፣ ከውጭ ሞተሩ ቱፍ ቱፍ ይላል፣ ዓይኔ ጨለማውን ቀስ በቀስ እየለመደ መጣ፣ መጀመሪያ ዘንጉ ታየኝ፣ ቀጥሎ የማሽኑ ጫፍ፣ ከማሽኑ ጫፍ ወዲያ መሬቱ ላይ ሁለት የጎማ በረባሶ። በረባሶዎቹ ውስጥ እግር አለ።

አያ ቢተው ነበሩ። ማርሹ እልህ አስይዟቸው በጓሮው በኩል ተመልሰው መጥተዋል፣ በማሽኑና በግድግዳው መካከል ተንበርክከው ቀኝ ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ማርሾቹ መካከል አስገብተዋል። አልሰሙኝም። ያን እጀታ ጎትቼው ቢሆን ኖሮ...

በምን እግሬ እንደ ዞርኩ አላውቅም፣ ትከሻቸውን ያዝኩ። ፊታቸውን አላዞሩም።

«እንዳትለቅ! አጥብቀህ ያዝልኝ፣ ሊላቀቅ ነው» አሉ።

«ምኑን ልያዝ፣ አያ?» ብዬ በግራ ጆሯቸው ጮህኩ።

ያኔ ዞሩ። ፊቴን አዩ፣ ቀጥሎ ትከሻቸው ላይ ያሉትን ሁለት እጆቼን አዩ። አንድ፣ ሁለት ብለው የቆጠሩ መሰለኝ።

«አንተ እዚህ ነህ?» አሉኝ።

«እዚህ ነኝ።»

«እንግዲያው ከወዲያ በኩል እጄን የያዘው ማን ነው?»

ከወዲያ በኩል ወዳጄ፣ ብረት ነው። ከማርሾቹ ጀርባ የማሽኑ ሙሉ አካል ነው፣ የሰው እጅ ቀርቶ የድመት እጅ አያስገባም።

ክንዳቸውን በዝግታ፣ ከእባብ አፍ እንደሚያወጣ ሰው አወጡት። ማርሹ ተላቅቆ በመዳፋቸው ውስጥ ነበር። የእጃቸው አንጓ ላይ አራት ጥቁር መስመር፣ የግሪስ ነው፣ እኔም ግሪስ ነው አልኩ፣ እሳቸውም ግሪስ ነው አሉ። የራሳቸው ፎጣ አንገታቸው ላይ ነበር፣ ብቻዬን ነኝ ብለው አልሰቀሉትም።

ወጥተን ጥላ ሥር ተቀመጥን። በዚያ ሙቀት ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር።

«አንተ መስለኸኝ ስሰድብህ ነበር እኮ» አሉኝ የእጃቸውን አንጓ እያሹ። «እጅህ ምን ነካው፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዘቀዘ ስልህ ነበር።»

«ሊያወጣዎት ነበር?»

«እሱን አላውቅም። ይዞኝ ነበር። ሊያስወጣኝ ይሁን ሊያስቀረኝ፣ እሱ ነው የሚያውቅ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተያይዘን ስንገባ እጀታው ባዶ ነው፣ ሣጥኑ ተቆልፏል፣ ከፈትኩት፣ ፎጣው ውስጡ ነው፣ ደረቅ። ጥርቡን አወጣን፣ ዘንጉ ገባ፣ ማታ ውሃ መጣ። ሊቀ መንበሩ ሰልፈኞቹ ፊት ተፈጥሮን ስለ መቆጣጠር ንግግር አደረገ፣ እኔም ከሌላው ጋር አጨበጨብኩ።

የሺ በማግሥቱ ፎጣውን ጠበል አስረጭታ የልብሷ ሣጥን ግርጌ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ አልወጣም። አንድ ወር ቀትሩ ሁሉ ጭር አለ፣ ጠበሉ ሠራ ብላ የሺ ደስ አላት፣ እኔ ግን ባዶውን እጀታ ከመንካቴ በፊት ሁሌ ከማሽኑ ወዲያ ጎንበስ ብዬ አይ ነበር፤ አያ ቢተውም ከዚያ ማሽን አጠገብ ሁለተኛ አልቆሙም። በመጨረሻ በገለጉ በኩል ወፍጮ ያለው አንድ ነጋዴ ወሬውን ሰምቶ ሊገዛው መጣ። ዞሮ ዞሮ አየው፣ ከዚያ በሬ እንደሚገዛ ሰው ጠየቀኝ።

«መምህር፣ ነውር አለው?»

በእኛ አገር በሬ ስትሸጥ ነውሩን ትናገራለህ። ይዋጋል ትላለህ፣ ይተኛል ትላለህ፣ ሳትናገር ከሸጥክ ኃጢአቱ ያንተ ነው። ሚስቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ምን ልበለው? ፎጣ አለው ልበለው?

«የለውም» አልኩ። ጭነው ወሰዱት።

ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ቀትር ላይ የሺ ከጓዳ ጮኸች። ሮጬ ገባሁ። ሣጥኗ ተከፍቷል፣ ቀሚሶቿ ሁሉ ደረቅ ናቸው፣ ከግርጌ ያለው ፎጣ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ላብና የማሽን ዘይት ይሸታል። እርስ በርሳችን ተያየን፣ ሁለታችንም ያሰብነው ማሽኑን የገዛውን ነጋዴ ነው።

ነጋዴውን ፈልጌዋለሁ። ገለጉ ድረስ ግማሹን በመኪና ግማሹን በእግር ሄጄ ነበር፣ ወፍጮውን ሸጦ ሄዷል፣ ቶርኖውን ለማን እንደ ሸጠው የሚያውቅ የለም፣ ሁመራ ነው ያለ አለ፣ ሱዳን ተሻገረ ያለ አለ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ እኛም ጎንደር ገባን፣ አያ ቢተው ሁለት እጃቸውን ይዘው በእርጅና ዐረፉ። ፎጣው ግን ከእኛ ጋር ነው። ዓመት ሙሉ ደርቆ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ከዚያ በአንድ ቀትር ይረጥባል። እርጥበት ያለው ግድግዳ ነው እንዳትለኝ፣ ሣጥኑን አራት ቤት አዙሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ረጥቧል፣ ሁለተኛው ጊዜ ሳነሳው ሞቃት ነበር።

አንድ የማላውቀው ሰው በማላውቀው ቦታ ክንዱን እዚያ ማሽን ውስጥ አስገብቷል ማለት ነው፣ እጀታው ባዶ ነው፣ የሚቸኩል ሰው ደግሞ የትም አይጠፋም። ፎጣው እጀታው ላይ መሆን ሲገባው እኔ ዘንድ፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ፣ ከቀሚስ በታች ነው። በእነዚያ ቀትሮች የማደርገው የለኝም፣ ፎጣውን በሁለት እጄ ይዤ እቀመጣለሁ፣ ሙቀቱ እስኪለቀው።

ስለዚህ አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ጥቁር አረንጓዴ ቶርኖ ካለህ ወይም ያለውን ሰው ካወቅህ፣ ሂድና መንጋጋዎቹን ቁጠር፤ ከሦስቱ አንዱ በእጅ የተቀጠቀጠ ከሆነ ሞተሩን አጥፋና ና፣ ፎጣህን ውሰድልኝ። በጠዋት ና።

ቀትር ላይ በሬን አታንኳኳ።